ዘጠኝ ሰከንድ

ሜደር፣ ነብራስካ
ኖቬምበር 17

ለወንድሜ ለዴልመር፣

ይህ ደብዳቤ ባሕሩን ተሻግሮ በጤናና በደረቅ ካልሲ ያግኝህ። በርገን ላይ ዝናብ አያባራም ብለህ ከጻፍክልኝ ወዲህ ነገረ ሥራህ ያሳስበኛል። እኛ ደህና ነን። በቆሎው ገብቷል፤ ጎተራው ሞልቶ የተረፈው ደጅ ላይ ተከምሯል። ባለፈው እሁድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ "ዴልመር እንዴት ነው?" ያላለኝ ሰው የለም። ወንድምና እህት እንባባል እንጂ የሩቅ ዘመድነታችንን ለማስረዳት ወረቀትና እርሳስ ቢያስፈልግም፣ ሰው ሁሉ የአንተን ወሬ የሚጠይቀው እኔን ነው።

የልጅ ልጄ ኮልቢ ቁመቱ ጣሪያ ሊነካ ነው። የትምህርት ቤታችን የአሜሪካ ፉትቦል ልጆች ዘንድሮ ግማሽ ፍጻሜ ደርሰው የጎረቤት ከተማውን ፕላም ፎርክን ሃያ ለአስራ ስድስት አሸነፉ። በሳምንቱ ደግሞ ፍጻሜው ላይ ሠላሳ ስምንት ለስድስት ተቀጥቅጠው መጡ፤ እሱን ተወው።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ለራሴ አይደለም። ከቤተ ክርስቲያን የማውቃት አንዲት ሴትዮ ናት ያስቸገረችኝ፤ አንተ ሠላሳ ዓመት ነጩን ቆብ አድርገህ ዋና ዳኛ ስለነበርክ ታውቃለህ ብዬ ነው። ሰዓት ያዡ መጠበቅ ሲገባው ሰዓቱን ቢያስነሳ፣ ዳኛውም ዝም ቢል፣ ጨዋታውም በዚያው ቢያልቅ፣ ያ ድል ድል ነው? ሴትዮዋ ከልቧ ነው የምትጠይቀው።

ልጅህን ጃኔልንና ባሏን ሳምልኝ።

እህትህ አርሊስ


በርገን
ዲሴምበር 3

ለእህቴ ለአርሊስ፣

ሰላምታዬ ለአንቺ፣ ለኮልቢና ደጅ ላይ ለተከመረው በቆሎ ሁሉ ይድረስ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ እንደነበረው ነው፤ ካልሲዬም እንደፈራሽው ነው።

ቅዳሜ ዕለት ልጄ የሰፈራቸውን ኳስ፣ ያንን በእግር ብቻ የሚመታውን፣ ልታሳየኝ ወሰደችኝ። አርሊስ ሙች፣ እነዚህ ሰዎች ሰዓቱን የትም አይሰቅሉትም! ዳኛው እጁ ላይ አስሮት ይሮጣል፤ መቼ እንደሚያልቅ የሚያውቁት እሱና ፈጣሪ ብቻ ናቸው። አጠገቤ የቆመውን ሽማግሌ "ስንት ቀረ?" ብለው ትከሻውን ነቀነቀ። ለእኔ እንዲህ ያለ ሥልጣን ቢሰጠኝ ኖሮ፣ በረዶ ላይ ጨዋታ በመራሁበት በዚያ ዓመት ሁላችሁንም በሩብ ሰዓት ቤታችሁ አስገባችሁ ነበር።

ወደ ሴትዮዋ እንመለስ። ኳስ የያዘው ልጅ የሚፈለግበትን አስር ያርድ ሲሞላ፣ ያርዱ የሚለካበት ሰንሰለት እስኪዛወር ሰዓቱ ይቆማል። ልጁ የተያዘው ሜዳ ውስጥ ከሆነ ባለ ነጭ ቆቡ ፊሽካውን እየነፋ ክንዱን ያዞራል፣ ያኔ ሰዓቱ ይነሳል። ልጁ ከመስመር ከወጣ ግን ፊሽካ ብቻ ነው፤ ክንድ የለም። ሰዓቱም ለቀጣዩ ሙከራ ኳሱ እስኪነሳ ይጠብቃል። ስለዚህ ሰዓት ያዥ ፊሽካ ሰምቶ አያስነሳም፣ ክንድ አይቶ ነው። ሰዓት ያዡ ከተሳሳተና ባለ ነጭ ቆቡ ቶሎ ካየው፣ ማስተካከል ይችላል። ልብ በይ፣ ሕጉ ላይ "ይችላል" ነው የተባለው፤ ለእሱ ፈቃድ የተተወ ነው። ጨዋታው አልቆ ዳኞቹ ከሜዳ ከወጡ በኋላ ግን ወሬ የለም። ድል ድል ነው።

ለሴትዮዋ ሰላም በይልኝ። ምግብ ትብላ በይልኝ። በዚያ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይህን ጥያቄ ልትጠይቅ የምትችል ሴት አንድ ብቻ ነው የማውቀው፤ እሷ ደግሞ ሲከፋት እህል አትቀምስም።

ወንድምሽ ዴልመር


ሜደር
ጃንዋሪ 8

ለወንድሜ ለዴልመር፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሰህ። ዘመኑ የጤና ይሁንልህ። እዚህ ብርዱ ፊት ይላጫል። ቧንቧው ሁለቴ ቀዝቅዞ ደረቀብኝ፣ ሁለቴም ኮልቢ መጥቶ በፀጉር ማድረቂያ አሟሟልኝ።

ርዕሰ መምህራችን ትሪና ቤቴ ድረስ መጥታ ነበር። በኦገስት የመጀመሪያው ጨዋታ ላይ መሃል ሜዳ አቁማ ልትሸልመኝ ነው። "ሠላሳ አንድ ዓመት ሰዓታችንን በታማኝነት ለጠበቁልን" የሚል ሰሌዳ ተቀርጾ ሰዓቱን በምይዝበት ላይኛው ክፍል በር ላይ ሊሰቀል ነው አለችኝ። እኔ የማደርገው ጠፍቶኝ ብስኩት አቀረብኩላት።

አንድ ነገር እንድታደርግልኝ እለምንሃለሁ። አንተ ቃላት አቀነባብረህ መጻፍ ትችላለህ። በእኔ ስም ለትሪና አጭር ደብዳቤ ጻፍልኝ። ዓይኔ ደክሟል፣ የክፍሉን ቁልፍ እመልሳለሁ፣ ሽልማቱንም አልፈልግም የሚል። ሰው እንዳይቀየም አድርገህ።

ሃርላን ቮስን ታስታውሰው የለ? ፕላም ፎርኮች ለእኛ ጨዋታ በመጡ ቁጥር አጠገቤ እየተቀመጠ ሰዓቱ ላይ ያለውን የእኔን እጅ የሚጠብቅላቸው? ባለፈው ሳምንት መኖ ሱቅ ውስጥ አገኘሁት። ሲያየኝ የያዘውን ከረጢት አስቀምጦ ሳይገዛ ወጣ።

በል ጤና ይስጥህ። ደብዳቤውን አትርሳ።

አርሊስ


በርገን
ጃንዋሪ 27

አርሊስ፣

ሰላምና ጤና ላንቺ ይሁን። ደብዳቤውን አልጽፍም።

ዓይኔ ደክሟል? አንቺ! ባለፈው በጋ መጥቼ በረንዳሽ ላይ ተቀምጠን ከመንገዱ ማዶ የቆመውን መኪና ታርጋ እያነበብሽ "የሌላ ወረዳ ነው፣ ማን ቤት ነው የመጣው?" ስትይኝ አልነበር? ሰው መዋሸት ካማረው ትንሽ የሚመስል ነገር ይፈልጋል እንጂ።

ያቺ የቤተ ክርስቲያን ሴትዮ፣ ይህ ዓይን፣ አሁን ደግሞ ሃርላን ከረጢት ጥሎ መሸሹ። እኔ እኮ ልጅ አይደለሁም። በዚያ የፕላም ፎርክ ጨዋታ ላይ ምን ሆነ? እንዳለ ጻፊልኝ። ፊልሙም ካለ ላኪልኝ፤ ትምህርት ቤቱ ጨዋታ ሳይቀርጽ አይቀርም። ሳላይ አልፈርድም። በሕይወቴ ሙሉ የሠራሁት ሥራ ያ ብቻ ነው።

ዴልመር


ሜደር
ፌብሩዋሪ 15

ለወንድሜ ለዴልመር፣

ሰላም ነህ ወይ? እሺ፣ አሸነፍከኝ። እነሆ ልናገር።

አስራ አራት ሰከንድ ቀርቷል። በአራት ነጥብ እየመራን ነው። ኳሱ በፕላም ፎርኮች እጅ ነው፣ ሰዓት ማስቆሚያ ታይም አውታቸውን ጨርሰዋል። ሯጫቸው ከእኔ መስኮት ሥር ባለው መስመር በኩል መጣ፣ አስር ያርዱን ሞልቶ ለእኛ ጎል መስመር ስድስት ያርድ ሲቀረው ኮልቢ አገኘውና ገፈተረው። ሁለቱም ተያይዘው የተጠባባቂዎቹ አግዳሚ ወንበር ላይ ወደቁ። ወንበሩ ተገለበጠ፣ ውኃው ተደፋ። እኔ ሰዓቱን አቆምኩ። እስከዚህ ልክ ነኝ።

ከዚያ ፊሽካ ተነፋ። ሃርላን አጠገቤ "ጠብቂ! ጠብቂ!" ብሎ ጮኸ። እኔ ግን አውራ ጣቴ የሰዓቱ ማስነሻ ላይ ወርዶ ነበር። ሰዓቱ ሮጠ። ልጆቻቸው ሰዓቱ ቆሟል ብለው ክብ ሠርተው ይማከራሉ፣ ሰዓቱ ይሮጣል። ቀና ብለው ሲያዩት ተሯሩጠው ቢሰለፉም አምስት ሰከንድ ብቻ ነበር የቀራቸው። አንዴ ወረወሩ፣ መሬት ወደቀ፣ አለቀ። ዘጠኙ ሰከንድ ቢኖራቸው ሁለተኛ ሙከራ ነበራቸው፣ ዴልመር። ከስድስት ያርድ!

ባለ ነጭ ቆቡ ክንዱን አዙሮ ነበር ወይ? አላውቅም። ዓይኔን ብጨፍን የማየው የተገለበጠውን ወንበርና የኮልቢን እግር ነው። የምሰማው የሃርላንን "ጠብቂ" ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ከነጭ ቆቡ ላይ ዓይኔን ነቅዬ አላውቅም፤ ያን ቀን የልጅ ልጄ ተጎድቶ እንደሆነ እያየሁ ነበር መሰለኝ። ወይም ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። እንድናሸንፍ ፈልጌ ይሆናል። ጣቴ ከእኔ ተደብቆ ለልጄ አድልቶ ይሆናል። እሱን ነው የማላውቀው፣ እሱ ነው የሚበላኝ።

ሃርላን በየዓመቱ ጣፋጭ ፓይ ጋግሬለት ሳህኑን ይዞ ሄዶ በዓመቱ አጥቦ የሚመልስልኝ ሰው ነው። ያን ቀን የዱባውን ፓይ ጠረጴዛው ላይ ትቶ፣ ኮፍያውን አድርጎ፣ ደህና ሁኚ እንኳ ሳይለኝ ወረደ።

እውነቱን ብናገር የልጆቹን ድል መንጠቄ ነው፤ ኮልቢ ግድግዳው ላይ ፎቶውን ሰቅሏል። ዝም ብል ደግሞ "በታማኝነት" የሚል ሰሌዳ ሥር ቆሜ ላጨበጭብ ነው። ቁልፉ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ስከፍተው አላየውም። ፊልሙን ልኬልሃለሁ። ፍረድ።

አርሊስ


ሜደር
ማርች 24

ዴልመር፣

ጤና ይስጥልኝ። ፊልሙ ደርሶህ ይሆን? ጃኔል በስልክ ጥቅል መምጣቱን ነግራኝ ነበር። አምስት ሳምንት ሆነው። ዝምታህ ፍርድ ከሆነ ገብቶኛል፤ አትጨነቅ።

አርሊስ


በርገን
አፕሪል 8

ለእህቴ ለአርሊስ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን፤ ስለ ዝምታዬ ይቅርታ አድርጊልኝ። ፈርቼ ነው። እንዲህ ነው የሆነው፣ ሌላ ምክንያት አልፈጥርም።

ፊልሙን በደረሰኝ ቀን ነው ያየሁት። አርባ ጊዜ ሳላየው አልቀርም። የእኛን ትምህርት ቤት ፊልም ታውቂዋለሽ፤ ካሜራ የያዘው ልጅ ባትሪ እንዳያልቅ እያለ ኳስ የያዘው ሲወድቅ ያጠፋል፣ ኳሱ ሲነሳ ይከፍታል። ወንበሩ ሲገለበጥ የውጤት ሰሌዳው ሰዓት አስራ አራት ይላል። ተቆርጦ ሲመጣ አምስት ይላል። መሃሉ የለም። ፊሽካው የለም፣ ክንዱ የለም፣ ዘጠኙ ሰከንድ ራሱ የለም። ኮልቢ ሯጩን ያቆመበት ቦታም በሰው ጭንቅላት ተሸፍኗል። እንደ ዳኛ ምንም ማለት አልቻልኩም። እንደ ዘመድ ደግሞ ሆዴ ባባ። ምን ብዬ ልጻፍልሽ?

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ለሚስቴም ነፍሷን ይማርና ነግሬያት አላውቅም። አንድ ዓመት የአንድ ከተማ ሰዓት ያዥ ስድስት ሰከንድ ሲያጠፋ አየሁ። ማስተካከል እችል ነበር። በስተምዕራብ መብረቅ ነበር፣ ሰውም ደክሞታል፣ እኔም ደክሞኛል፤ "ይችላል" ነው የሚለው ብዬ አለፍኩት። ተሸናፊዎቹ በአንድ ነጥብ ነበር የተሸነፉት። እስከ ዛሬ መብረቅ ባየሁ ቁጥር ያ ነገር ትዝ ይለኛል። ስለዚህ ምን እንደተሰማሽ አልጠይቅሽም፤ አውቀዋለሁ።

አሁን ስሚኝ። ያን ቀን የነበረውን ዳኛ እንጠይቅ ብለሽ አስበሽ ይሆናል። ተይው። ዳኛ ከስድስት ወር በኋላ ቢጠየቅ "ልክ ነበር" ነው የሚለው፤ እኔም እል ነበር። በዚያች ሰዓት ባለ ነጭ ቆቡን ከላይ ሆኖ ያየ፣ ላንቺም ሊያዳላ የማይፈልግ ሰው አንድ ብቻ ነው። አጠገብሽ ነበር። ሂጂና ሃርላንን ጠይቂው። ክንዱ አልዞረም ካለሽ፣ ያኔ ለትሪና ደብዳቤውን አብረን እንጽፋለን፤ እኔም ስሜን ከሥር አኖራለሁ።

እባክሽ ሂጂ። ምግብም ብዪ።

ወንድምሽ ዴልመር


ሜደር
ሜይ 19

ለወንድሜ፣ ለውዱ ለዴልመር፣

ሰላም ላንተ፣ ሰላም ለጃኔል፣ ሰላም ለዝናቡም! ከመጀመሪያው ልንገርህ።

ደብዳቤህ ከደረሰኝ በኋላ አንድ ወር ሙሉ ምክንያት ስደረድር ነበር። መጀመሪያ በቆሎ ዘር ላይ ናቸው አልኩ። ከዚያ ዘነበ አልኩ። ሐሙስ ዕለት ምክንያት አለቀብኝና ከጓሮዬ ያንን ጎምዛዛ ሩባርብ ቆርጬ ፓይ ጋገርኩ፤ በዚያችው እሱ ጥሏት በሄደው ሳህን። ሃያ ሁለት ማይሉን በዝግታ ነዳሁ፤ ከኋላዬ ያለው ትራክተር እንኳ ጥሩምባ ነፋብኝ።

ሃርላን መጋዘኑ ውስጥ ከዘር መዝሪያ ማሽኑ ሥር ተኝቶ ብሎን ይፈታል። ጫማዬን አይቶ ነው መሰለኝ ያወቀኝ፣ እጁ ቆመ።

"ሃርላን፣ የምጠይቅህ ነገር አለ" አልኩት።

"አውቃለሁ" አለኝ፣ ከዚያው ሳይወጣ። "ስድስት ወር ሙሉ ዛሬ ትመጣለች፣ ነገ ትመጣለች እያልኩ ነው።"

የመሣሪያ ሳጥኑ ላይ ቁጭ አልኩ። "እንግዲያው ተናገረው፣ ይውጣልኝ።"

ተጎትቶ ወጣ። ፊቱ ግሪስ በግሪስ ሆኗል። ኮፍያውን አወለቀና "ይቅር በይኝ፣ አርሊስ" አለ።

"ማን? እኔ ነኝ ይቅር የምልህ?"

"ታዲያ ማን ሊሆን ነው? ክንዱን አዞረው እኮ። ሁለት ጊዜ፣ እንዲህ አድርጎ" ብሎ በመፍቻው አሳየኝ፤ መፍቻው ጣሪያውን ሊመታ ምንም አልቀረውም። "ያ ረጅሙ ልጅሽ ሯጫችንን ከመስመሩ አንድ እርምጃ ውስጥ ቀጥ አድርጎ አቁሞት ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ወንበሩ ላይ የጣለው። እዚያው ያለው የመስመር ዳኛም ሜዳ ውስጥ ነው ብሎ አመለከተ። ባለ ነጭ ቆቡ ፊሽካውን ነፋ፣ ክንዱን አዞረ፣ አንቺም ጣትሽን አወረድሽ። የተጣራ ሥራ!"

"ታዲያ 'ጠብቂ! ጠብቂ!' ያልከኝስ?"

ኮፍያውን እጁ ላይ አገላበጠ። "እሱን እኮ ነው ይቅር በይኝ የምልሽ" አለ። "ክንዱ ሲዞር እያየሁ ነው ጠብቂ ያልኩሽ። ልጆቻችን ተሰብስበው ሲያወሩ አየኋቸውና ከአፌ አመለጠኝ። ሃያ ሁለት ዓመት አጠገብሽ ተቀምጬ፣ ፓይሽን እየበላሁ፣ ልሰርቅሽ ሞከርኩ። በምን ዓይኔ ልይሽ? መኖ ሱቅ ሳይሽ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ መኖ የምትገዛልኝ ሚስቴ ናት።"

ዴልመር፣ ምን ልበልህ! መጀመሪያ ልመታው አሰብኩ፤ ፓይ ይዣለሁ እንጂ አያመልጠኝም ነበር። ስድስት ወር አንጀቴ ያረረው፣ ራሴን ሌባ ያልኩት፣ የገዛ ጣቴን የጠረጠርኩት በዚህ ሰውዬ አንድ ጩኸት ነው! ያን ቀን ያየሁትን ክንድ ከአእምሮዬ የሰረዘው እሱ ነው። እሱ ደግሞ እዚህ ቁጭ ብሎ ይቃጠላል። ከዚያ ሳቄ መጣ። ስጀምር ማቆም አቃተኝ። እሱም ሳቀ። ሁለት ሽማግሌዎች መጋዘን ውስጥ ዓይናችን እስኪያብጥ ሳቅን፤ የእኔስ ለቅሶም ነበረበት።

"ለምን ቀደም ብለህ አልነገርከኝም?" አልኩት።

"አንቺስ ለምን አልጠየቅሽኝም?"

ፓይውን ከመዝሪያው ላይ በጣታችን በላን፤ ማንኪያ የሚያመጣ አልነበረም። ስወጣ "ለሰው ትናገሪያለሽ?" አለኝ። ለማንም አልናገርም አልኩት።

"ለዴልመርስ?"

"ለዴልመርማ እጽፍለታለሁ።"

"በቃ አለቀልኝ" አለ፤ ሳህኑን ግን እጁ ላይ አስቀረ። በሴፕቴምበር አጥቦ ይዞት ይመጣል።

እቤት ስገባ ኮልቢ ሣሬን እያጨደልኝ ነበር። ሞተሩን አስቁሜ አቀፍኩት። "ያን ቀን ከመስመሩ ውስጥ ነበር ያቆምከው" አልኩት። "ታዲያስ አያቴ፣ አንቺ አላየሽም እንዴ?" አለኝ፣ ላቡን እየጠረገ። እንዳላየሁ አልነገርኩትም። ከዚያ መሳቢያውን ከፍቼ ቁልፉን አወጣሁትና መኪናዬ ቁልፍ ላይ አሰርኩት።

እግዜር ይስጥልኝ፣ ወንድሜ። ሂጂ ባትለኝ አልሄድም ነበር።

እህትህ አርሊስ


በርገን
ጁን 2

ለእህቴ ለአርሊስ፣

ጤናና ደስታ ካንቺ አይለይ። ደብዳቤሽን ጮክ ብዬ ሳነብ ጃኔል ሳሙናዋን ይዛ ከመታጠቢያ ቤት ወጣች፤ ያመመኝ መስሏት። እፎይ፣ አርሊስ! ከኖቬምበር ጀምሮ ደረቴ ላይ የተቀመጠው ነገር ተነሳልኝ።

በኦገስት እመጣለሁ። ቲኬቱ ተቆርጧል። ሰሌዳው ሲሰቀል ከሥሩ ቆሜ አጨበጭባለሁ፤ እኔም ስለዚያ ስድስት ሰከንድ የማወራላቸው ሰዎች እዚያ አካባቢ አሉ፣ በሕይወት ካሉ። አንቺ ከሄድሽ እኔም መሄድ እችላለሁ።

ሃርላንን ግን በነፃ አልለቀውም። ለሰዓት ያዥ በሐሰት መጮህ ከስፖርት ጨዋነት ውጪ ነው፦ ቅጣቱ አስራ አምስት ያርድ ወደ ኋላ። በሴፕቴምበር ሲመጣ ወንበሩን ከጠረጴዛሽ አርቂልኝና ለክተሽ አስቀምጪው። ፓይውን በጨዋታው ሦስተኛ ሩብ ትሰጪዋለሽ፤ እሱ ለአንቺ ፈቃድ የተተወ ነው።

ያቺን የቤተ ክርስቲያን ሴትዮም ሰላም በይልኝ። አሁንስ ትበላለች?

ወንድምሽ ዴልመር